ቀጥ ያሉት አልቀዋል፤ ጠማሞቹ ደህና ናቸው

ጋዜጣዬ በጡረታ ሲያሰናብተኝ የጻፈልኝ ደብዳቤ አንድ ገጽ ነው፤ ሦስት ስህተት አለበት። የአባቴ ስም በሐመሩ ሐ ፋንታ በብዙኃኑ ኀ ተጽፏል። ጅቡቲ የቆየሁባቸው ዓመታት በሁለት ጎድለዋል። ከታች ደግሞ «በሥራ ዘመናቸው ሁሉ አንድም እርማት ያልወጣባቸው» ይላል። ስሙን ተውኩት። ዓመታቱን በማመልከቻ አስተካከልኩ። ሦስተኛው ግን በማመልከቻ የሚስተካከል አልሆነም። እርማት ያልወጣብኝ ስላልተሳሳትኩ ሳይሆን፣ ትልቁን ስህተቴን የሠራሁት ባልታተመ ነገር ላይ ስለነበረ ነው።

ጅቡቲ የተመደብኩት ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ በጀመረበት ዓመት ነው። የአሰብ መንገድ ተዘጋና የአገሩ ጭነት ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ ጅቡቲ ዞረ። ሥራዬ ከመርከብ ምን እንደወረደ፣ ስንት ተሳቢ እንደወጣ፣ የቆመው ለምን እንደቆመ መዘገብ ነበር። አርሂባ በሚባለው ሰፈር ወደብ አጠገብ አንዲት ክፍል ተከራየሁ። በዚያን ጊዜ ሁሉም ሰው ሁሉንም ሰው ይጠረጥር ነበር። ሻይ ቤት ስገባ ወሬው ወደ ሙቀቱ ይዞራል። ሰው ሳልጠይቀው ሲነግረኝ ደግሞ ማን ልኮት ይሆን እላለሁ። ይህ ጠባይ በጋዜጠኝነት ጠቅሞኛል። ለሌላው ነገር ጠቅሞኛል ማለት አልችልም።

ሥራውን ያስረከበኝ ጋሽ ደረሰ ይባላል። ከእኔ በፊት ብዙ ዓመት የጋዜጣው ወኪል ነበር፤ ጡረታ ወጥቶም ከተማዋን አልለቀቀም፣ ካርቲየ 5 በሚባለው ሰፈር ይኖር ነበር። ቀጭን፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነው። ቃለ መጠይቅ ሲሄድ ከውኃ በቀር ምንም አይቀምስም፤ «ሻይ የጋበዘህን ሰው ሁለተኛ ጥያቄ መጠየቅ ይከብድሃል» ይላል። ሰውየውን ከማግኘቱ በፊት ቦታውን በእግሩ ይዞረዋል፤ በሩን፣ መስኮቱን፣ በር ላይ የተጣለውን ቆሻሻ ሳይቀር ያያል። አንድ ነገር ስነግረው «እንዴት አወቅህ?» ይለኛል። ስመልስለት ዝም ብሎ ይቆይና ያንኑ ጥያቄ ይደግመዋል። ሁለተኛው መልሴ ሁልጊዜ ከመጀመሪያው ያጠረ ነበር።

ማስታወሻ ደብተሩን እንዲህ ይይዝ ነበር፦ በቀኝ ገጽ በዓይኑ ያየውንና በጆሮው የሰማውን፣ በግራ ገጽ የጠረጠረውን። ሁለቱን አያቀላቅልም። የቀኙ ለጋዜጣው ነው፤ የግራው ነገ ምን እንደሚጠይቅ እንዲያስታውሰው ነው። ሌላም ሕግ ነበረው። ያልገባህን ቃል ለሌላ ሰው አታሳይ፤ የጻፈውን ሰው ጠይቅ። «ቃል ባለቤት አለው» ይለኝ ነበር። በሃያ ዓመት ያህል ጊዜ ይህን ሕግ የጣስኩት አንድ ቀን ነው።

በዚያው ዓመት በክረምቱ ወራት፣ የመንገዱን ዘገባ ለመሥራት ሰይፉ ከሚባል ሾፌር ጋር ድንበሩ ላይ ወዳለው ጋላፊ ኬላ ወጣሁ። ሰይፉ ወፍራም፣ ተጫዋች፣ መሪውን በአንድ እጁ ይዞ በሌላው የሚያወራ ሰው ነው። እንደ ሌሎቹ ሾፌሮች ሁሉ ደብዳቤ ያደርስ ነበር፤ ከመሪው በላይ ባለው መደርደሪያ የፖስታ ክምር አይጠፋም። ኬላው ላይ ወረፋው ረዘመና ሰይፉ ከኋላ ባለው አልጋ ተኛ። እኔ ጋቢናው ውስጥ ቀረሁ። በሙቀቱ የአንዱ ፖስታ ሙጫ ለቆ ክዳኑ ተከፍቷል። ከውስጡ በደብተር ወረቀት ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈ ነገር ብቅ ብሏል። ጎትቼ አላወጣሁትም ብል ውሸት ነው። አወጣሁት። እንዲህ ይላል፦

«ሕዋስ 7፦ አልተከፈለም። ሕዋስ 9፦ ሊከፈል ጀምሮ መሃል ላይ ቆመ። ሕዋስ 12፦ በስምንት ፈንታ ሠላሳ ሁለት ሆነዋል። 29 ያሉት፦ ቀጥ ያሉት አልቀዋል፤ ጠማሞቹ ደህና ናቸው። 18 ያሉት፦ ሁሉም ደህና ናቸው። የሚሞቱት ከእናት የተሰጣቸው ስንቅ ሲያልቅ ነው። ይህ ከማንጎ የተገኘው መስመር ነው። እዚህ ብቻ ነው ያለው፤ ለማንም አልሰጠሁም።»

የእኔ ትውልድ ሰው ይህን ሲያነብ ምን እንደሚያስብ የዛሬ ወጣት ላይገባው ይችላል። እኔ ሕዋስ የሚለውን ቃል የሰማሁት ከሥነ ሕይወት መምህር አይደለም። በአብዮቱ ጊዜ ታላቅ ወንድሜ አንድ ማታ ራት ላይ በሹክሹክታ «ሕዋሳችን ለሁለት ተከፈለ» አለኝ፤ ከዚያ ሳምንት በኋላ ቤት አልገባም። ለእኔ ሕዋስ ማለት ተደብቀው የሚሰበሰቡ ሰዎች ናቸው። መስመር ማለት የፖለቲካ መስመር ነው። እናት ማለት እናት ድርጅት፣ ማንጎ የሆነ ሰው የምስጢር ስም፣ 18 እና 29 የቤት ወይም የኪሎ ሜትር ቁጥር። ቀጥ ያሉት ያለቁበት፣ ጠማሞቹ የተረፉበት ነገር ደግሞ ማብራሪያ የሚያስፈልገው አልመሰለኝም።

ወረቀቱን ቃል በቃል ወደ ደብተሬ ገለበጥኩ፤ መልሼ ፖስታው ውስጥ ከተትኩና ክዳኑን ተጭኜ ለጠፍኩት። የላኪዋን ስምም ጻፍኩ፦ ዘነበች፣ ፕላቶ ዱ ሰርፓን፤ ፈረንጆች የሚኖሩበት ሰፈር ነው። ሰይፉ ሲነቃ ውኃ ሰጠሁት። ስለ ፖስታው ምንም አላልኩም።

ጅቡቲ ስመለስ ጋሽ ደረሰ ለሕክምና ድሬዳዋ ሄዶ ነበር። ቦታውን ሄጄ ማየት ነበረብኝ። ሴትዮዋን ጠይቄ «ይህ ምንድን ነው?» ማለት ነበረብኝ። ያንን ብል የተጻፈውን እንዳነበብኩ ታውቃለች ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ አርሂባ ውስጥ ምግብ ቤት ወዳለው አቶ ሙላቱ ሄድኩ፤ ከተማው ውስጥ የማያውቀው ኢትዮጵያዊ አልነበረም።

«ፕላቶ በኩል የምትሠራ ዘነበች የምትባል ልጅ ታውቃለህ?» አልኩት።

«አንዷን አውቃለሁ። የፈረንጅ ቤት ሠራተኛ ናት። ምን አደረገች?»

«ምንም። ሕዋስ የሚባል ነገር ሰምተሃል? ጠማሞቹ ተርፈው ከስምንት ሠላሳ ሁለት የደረሰ?»

አቶ ሙላቱ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣለና ወደ በሩ አየ። «የምን ሠላሳ ሁለት? ሰው?»

«አላወቅኩም። እየጠየቅሁ ነው።»

«አንተ ሰውዬ፣» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አንተ ዝም ብለህ አትጠይቅም።»

ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። ሐሰት አልተናገርኩም፤ ጠየቅሁ እንጂ። ግን ጋዜጠኛ ጥያቄ ይዞ ሲመጣ ሰው የሚሰማው መልሱን ነው።

አቶ ሙላቱ ቤት የማከራየት ድለላም ይሠራ ኖሯል። የዘነበች አሠሪዎች የሚኖሩበትን ቤት ያገኘላቸው እሱ ነው። ወሬውን ለቤቱ ባለቤት ነገረው። ባለቤቱ ሁለት ዘመዶቹን ይዞ መጣ። አሠሪዎቹ እንደ ፈረንጆቹ ልማድ ሙቀቱን ሸሽተው አገራቸው ሄደው ነበር፤ ቤቱን የምትጠብቀው ዘነበች ብቻዋን ናት። ባለቤቱ ከግቢው ጀርባ ያለችውን የተቆለፈች ክፍል አስከፈተ፤ ያየውን አልወደደውም፤ መብራቷን ቆርጦ በራሱ ቁልፍ ዘጋትና ለሦስት ቀን ሄደ፤ የከፈታት ሲመለስ ነው። እኔ የሰማሁት በአራተኛው ቀን ነው። የዚያን ጊዜ ቦታውን ሄጄ አየሁ።

ዘነበች በሩ ላይ ነበረች። ሃያ ሁለት ሃያ ሦስት ዓመት የሚሆናት፣ ፀጉሯን በሻሽ ጠቅልላ ያሰረች ልጅ ናት። ጋዜጠኛ ነኝ አልኳት። ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

«አሁን ነው የሚመጡት?» አለችኝ። «ይግቡ፤ ይዩ። የሚያሰጋ ነገር ካገኙ ይንገሩኝ።»

ክፍሉ ምድጃ ሆኗል። በመደርደሪያዎቹ ላይ በመቶ የሚቆጠሩ፣ አፋቸው በጥጥ የተወተፈ ትንንሽ ጠርሙሶች ተደርድረዋል። በእያንዳንዱ ግርጌ ቡናማ ነገር አለ፤ በላዩ ላይ ሰሊጥ የተበተነ ይመስላል። ጠጋ ብዬ ሳይ ዝንቦች ናቸው። ሙዝ ሲበስል ዙሪያውን የሚያንዣብቡት፣ ከሰሊጥ ፍሬ የማይበልጡት። ሁሉም ሞተዋል። ጥግ ላይ ሁለት አሮጌ ፍሪጆች ቆመዋል፤ በአንደኛው በር ላይ 18፣ በሁለተኛው 29 ተጽፏል። የሙቀት መጠን ነው።

 ፊቴ ላይ ምንም አላሳየሁም። ይህም የሥራዬ ልማድ ነው።

ዘነበች ነገረችኝ። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን በሳይንስ ጨርሳ፣ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ነጥብ ጥቂት ጎድሏት፣ ለቤት ሠራተኝነት ጅቡቲ መጣች። ማዳም፣ አሠሪዋ፣ በአገሯ የሥነ ሕይወት ተመራማሪ የነበረች አሮጊት ናት። ባሏ ለሥራ ሲመጣ ዝንቦቼን ትቼ አልሄድም ብላ ይዛቸው መጣች። መጀመሪያ ዘነበች የምትሠራው የዝንቦቹን ምግብ ነበር፦ የበቆሎ ዱቄት፣ ስኳር፣ እርሾ፣ እንዲረጋ የሚያደርግ ዱቄት፤ እንደ ገንፎ ታማስላለች። ከዚያ ማዳም ብሩሽ ሰጠቻት። ከተፈለፈሉ ገና ስምንት ሰዓት ያልሞላቸውን ሴቴ ዝንቦች በማለዳ እየለየች ታወጣለች፤ ከዚያ ካለፈ ከወንድ ጋር ተገናኝተው ይሆናልና የልጆቹ አባት ማን እንደሆነ አይታወቅም። ዝንብን በጋዝ አስተኝቶ፣ ነጭ ሰሌዳ ላይ ደርድሮ፣ በብሩሽ ጫፍ አንድ በአንድ መቁጠር። እጇን አየሁት፤ ስትናገር እንኳ አይንቀጠቀጥም።

«ሕዋስ ምንድን ነው?» አልኳት። ቃሉን ከአፌ ሳወጣው ድምፄ እንዳይለወጥ ተጠነቀቅሁ።

ማይክሮስኮፑን ወደ መስኮቱ አዞረችና በመስታወቱ የፀሐይ ብርሃን አስገባችለት። «ይዩ። ይህ የዝንብ እጭ አንጎል ነው፤ በሁለት ብርጭቆ መሃል ተጨፍልቆ በቀለም የተነከረ። እነዚያ ክቦቹ ሕዋሳት ናቸው። ጠቆር ያሉት ክሮች ክሮሞሶሞች ናቸው፤ በዝንብ ስምንት ናቸው። ሕዋስ ከመከፈሉ በፊት ስምንቱን እጥፍ ያደርጋል፤ ወደ ሁለት ጎን ይጎትታቸዋል፤ ከዚያ ወገቡ እንደ ታሰረ ከረጢት ጠብቦ ይበጠሳል፤ ሁለት ሕዋስ ሆኑ። እዚህ ጋ ይቁጠሩ።»

ቆጠርኩ። ሁለቴ ቆጠርኩ። ተደራርበው ልክ ቁጥሩን ማግኘት አልቻልኩም፤ ከስምንት እንደሚበልጡ ግን ለማንም ግልጽ ነው።

«ሠላሳ ሁለት ናቸው» አለች። «አንድ ጂን ተበላሽቶበታል። እጥፍ ማድረጉን ያውቃል፤ መበጠስ አይችልም። እንደገና እጥፍ ያደርጋል፤ እንደገና አይበጠስም። እጩ ለጥቂት ቀናት የሚኖረው እናቱ እንቁላሉ ውስጥ ባስቀመጠችለት ጤነኛ ስንቅ ነው። ያ ሲያልቅ ይሞታል። በ18 ዲግሪ ግን ደህና ነው፤ ሲሞቀው ነው የሚከዳው።»

«ጠማሞቹስ?»

ቀና ብላ አየችኝ። የጠየቅሁት እሷ ያላነሳችውን ቃል ነው። 

«ባለቤቱ ነው የነገረኝ» አልኩ። ውሸት ነው።

«እሱም ይህንኑ ሲጮህብኝ ነበር» አለች ቀስ ብላ። «ክንፋቸው ጠማማ የሆኑት ከተበላሸው ጂን ጋር አንድ ጤነኛም አላቸው፤ ስለዚህ ይኖራሉ። ክንፋቸው ቀጥ ያሉት ሁለቱም የተበላሸባቸው ናቸው። ምልክት ነው እንጂ ሌላ ነገር አይደለም።»

መስመር ብላ የምትጠራውን የዚህን ዘር እናት ያገኘቻት ማዳም አይደለችም። ዘነበች ከገበያ በገዛችው የበሰበሰ ማንጎ ላይ ያየቻት ዝንብ ናት። እያዳቀለች፣ እየቆጠረች፣ ስምንት ወር ለፋችባት። አዲስ አበባ ያለው የቀድሞ መምህሯ አሁን ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል፤ «የገባሽን በራስሽ ቋንቋ ጽፈሽ ላኪልኝ፤ እውነት ከሆነ ዝንቦቹን ይዘሽ ትመጫለሽ፣ ቤተ ሙከራዬ ውስጥ አስገባሻለሁ» ብሏታል። መልሱ የደረሳት ክፍሉ በተዘጋ በሁለተኛው ቀን ነው። ኪሷ ውስጥ ነበር፤ አሳየችኝ። «ቁጥሩ ጥሩ ነው። ዝንቦቹን ይዘሽ ነይ» ይላል።

«ሌላ ቦታ የሉም?» አልኳት።

«የትም የሉም።»

ከዚያ እንዲህ አለችኝ፦ «የቤቱ ባለቤት 'ሠላሳ ሁለቱ ሰዎች የት አሉ' ሲል ነበር የገባኝ። ያንን የጻፍኩት ደብዳቤው ላይ ብቻ ነው። ደብዳቤውን የያዘው አንድ ሰው ነው። ወንድሜ።»

«ወንድምሽ?»

«ሰይፉ። ሾፌር ነው። ወሬ ይወዳል። ከፍቶ አንብቦ አውርቶታል። የእናቴ ልጅ ነው እኮ፣ ጋሼ።»

ያን ጊዜ መናገር እችል ነበር። አልተናገርኩም። ለራሴ፣ ምንጭ አይገለጥም አልኩት፤ የሸሸግሁት ግን ራሴን ነበር።

ጋሽ ደረሰ ከድሬዳዋ ሲመለስ ደብተሬን ሰጠሁት። ገልብጦ አነበበ። በቀኝ ገጽ፣ ከገለበጥኩት ጽሑፍ ሥር፣ «ሕዋስ፦ የስለላ ሊሆን ይችላል» ብዬ ጽፌ ነበር።

«ይህ እዚህ ምን ይሠራል?» አለኝ።

የሆነውን ሁሉ ነገርኩት።

«ለልጅቷ ነገርካት?»

«አልነገርኳትም።»

ደብተሩን ዘግቶ መለሰልኝ። «እንግዲያው ዘገባህ አላለቀም።» ከዚያ ቀን በኋላ እስኪሞት ድረስ ነገሩን አላነሳብኝም። አለማንሳቱ ከመጠየቁ ይብስ ነበር።

ዓመታቱ አለፉ። ጦርነቱ ቆመ፣ ወደቡ ሰፋ፣ የክሬኖቹ ቁጥር እየጨመረ ሄደ። አዘጋጆች ተቀያየሩ፤ አንዱ ረጅም ዘገባ ይወዳል፣ ሌላው ሦስት አንቀጽ ይበቃል ይላል። በሥራዬ በቀላሉ የማይታለል ሰው ነው የሚል ስም አተረፍኩ። ሰነድ ሲሰጠኝ ማን እንደሰጠኝ እንጂ ምን እንደሚል ቀድሜ አላይም። ሰው በዚህ ሲያመሰግነኝ ግን የፕላቶው ክፍል ሙቀት ይሰማኛል።

ከሰይፉ ጋር በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ እጓዝ ነበር። ጨዋታው ያው ነው፤ አንድ ነገር ብቻ ይመላለስበታል።

«እርስዎ ጋዜጠኛ ነዎት» ይለኛል። «እስቲ እህቴን ይጠይቁልኝ። ፖስታዬን ከፈትክ ትለኛለች። አልከፈትኩም ብላት አታምነኝም። ማን ከፈተው ቢሏት?»

«የቤተሰብ ነገር ነው፤ እኔ ምን አገባኝ» እለዋለሁ።

«እውነት ነው» ይላል። ከዚያ በመስታወቱ ያየኝና ማርሽ ይቀይራል። ይጠረጥረኝ ይሆን እያልኩ በግራ ገጽ ብዙ ጊዜ ጽፌያለሁ። በቀኝ ገጽ የሚገባ ነገር ግን አላገኘሁም።

አዲሱ ባቡር ሥራ በጀመረበት ዓመት ጡረታ ወጣሁ። ዕቃዬን ስሰበስብ ያን ደብተር አገኘሁት። የስንብት ደብዳቤውን እላዩ ላይ አስቀምጬ ሁለቱን አንድ ላይ አየኋቸው። በማግስቱ ረፋድ ላይ ካርቲየ 5 ሄድኩ።

ዘነበች እዚያ ባለ አንድ ትንሽ የግል ክሊኒክ የደም ምርመራ ትሠራ ነበር። ማዳም ከተመለሰች በኋላ ማይክሮስኮፑን ትታላት ሄዳለች፤ በእሱ የጀመረችው ሥራ እንጀራዋ ሆነ። አዲስ አበባ ሳትሄድ ቀረች። ሌላ ማንጎ ላይ ለዓመታት ፈልጋለች፤ ያንን ዘር ግን ዳግመኛ አላገኘችም። መነጽር አድርጋ ብርጭቆው ላይ ጎንበስ ብላ ስትቆጥር አገኘኋት። በእጇ ምልክት «ይቆዩ» አለችኝ፤ ቆጠራዋን አቋርጣ አታውቅም። ስትጨርስ ቀና አለች።

«ጋሽ ታደለ! ጡረታ ወጡ አሉ። ሊሰናበቱኝ ነው?»

ደብተሩን ከፍቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩላት። አነበበች። ጣቷን በእያንዳንዱ መስመር ላይ እያሳለፈች አነበበች። ሕዋስ 9 ላይ ቆመች፤ ከዚያ ቀጠለች።

«አንድም ፊደል አልተሳሳቱም» አለች። ድምፅዋ ደረቅ ነበር። «እንዴት አገኙት?»

«ከወንድምሽ መኪና ውስጥ።»

ደብተሩን ወደ ራሷ ሳበች። ከዚያ ደገመችው። «እንዴት አገኙት?»

«ሰይፉ ተኝቶ ሳለ ከፖስታው አወጣሁት። አቶ ሙላቱን የጠየቅሁት እኔ ነኝ። ወንድምሽ የሚያውቀው ነገር የለም።»

መነጽሯን አወለቀች። የምትጮህ መሰለኝ፤ ብትጮህ ደስ ይለኝ ነበር። ደብተሩን ሁለት ጊዜ ገልብጣ፣ ገጹ ላይ ያለውን ቀን አየች። ከንፈሯ እየቆጠረ ነበር፤ ዓመታቱን ይመስለኛል።

«የሰይፉን ስልክ ቁጥር ልስጥሽ?» አልኳት።

«አውቀዋለሁ» አለች። በቃሏ የያዘችውን ቁጥር ደወለች። ድምፁ ከስልኩ ውጭ ይሰማል፤ ሰይፉ ቀስ ብሎ ማውራት አይችልም።

«ሰይፉ፣ ዘነበች ነኝ» አለች። ከወዲያ በኩል የሞተር ድምፅ ብቻ ነበር። ከዚያ ሞተሩ ጠፋ፤ መኪናውን አቁሟል። «ፖስታውን የከፈተው ሰው እዚህ ተቀምጧል።»

«ጋዜጠኛው ነው» አለ ሰይፉ። አልጠየቀም።

ዘነበች ስልኩን ወደ ሌላኛው ጆሮዋ አዞረች። «ታውቅ ነበር?»

«ከእሱ በቀር ጋቢናው ውስጥ ማን ነበር?»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት ለምን አልነገርከኝም፣ አንተ!»

«ተኝቼ ነበራ፣ ዘኒዬ» አለ። «ያላየሁትን ነገር አየሁ ብዬ እንዴት በሰው ላይ እናገራለሁ?»

ይህን በቀኝ ገጽ ጻፍኩት።